ስለ ባለ ማዕረግ ሰው አጠራር
(በሰቆጣ ለሕዝብ የተደረገ የትምህርት ንግግር)

ክቡራን አባቶች ካህናት፥ የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፥ እናቶች፥ መምህራን፥ የሕክምናና የግብርና ባለ ሙያዎች፥ ተማሪዎችም፤

ይህን የሰላምታ ቃል ከመናገሬ አስቀድሞ ማንን ከማን ላስቀድም የሚለው አሳብ ጥቂት እንዳስጨነቀኝ ብሸሽግ፥ ልናገርበት የተነሣሁበትን ርእስ ገና ከደጃፉ ሸሸው ይባልብኛል። ከመካከላችሁ በዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ደክመው የዶክተርነትን ማዕረግ የተቀበሉ አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ዕድሜያቸውን የጨረሱ መምህራን አሉ፤ ፊደል ሳይቈጥሩ በዕድሜና በምክር ብቻ የከበሩ፥ የተጣሉ ጎጦች በአንድ ቃላቸው የሚታረቁላቸው ሽማግሌዎችም አሉ። ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን አስቀድሜ ዶክተሮቹን ያስከተልሁት ዕውቀታቸውን አቅልዬ ሳይሆን፥ በዋግ ምድር በሸንጎም በድግስም የኖረው ልማድ እንዲህ ስለ ሆነ ነው፤ እነርሱም የዚሁ ምድር ልጆች ናቸውና ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ።

ዋግ የማዕረግ ነገር እንግዳ የሚሆንበት አገር አይደለም። ገዥው ስሙን ከምድሩ ጋር አስተሳስሮ «ዋግሹም» እየተባለ የኖረበት፥ ይህም ሹመት ከዛጔ ነገሥታት ዘር የሚወርድ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን የተጠበቀበት፥ መንግሥት ከዛጔ ወደ ሰሎሞናውያን በተመለሰ ጊዜ በተደረገው ኪዳን ዋግሹሙ በብር ወንበር እንዲቀመጥና ነጋሪት እንዲያስመታ ተፈቀደለት የሚል ትውፊት እስከ ዛሬ የሚተረክበት አገር ነው። ጎረቤቶቻችንም «ሹም ተምቤን» እና «ሹም አጋሜ» ነበሯቸው። እንዲህ ያለው መጠሪያ ከሰውየው ይልቅ የምድሩ ነበርና፥ ሹሙ ቢሞት ወይም ቢሻር ማዕረጉ በቦታው ቆይቶ ተተኪውን ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ከፍ ያለ ክብር ሲያገኝ የቀድሞውን ጥሎት ይሄዳል። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ ነግሠው «ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ» በተባሉ ጊዜ ዋግሹምነቱም ጎበዜ የሚለው ስምም አብረው ወደ ኋላ ቀሩ፤ በ1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በአሰም ሜዳ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ድል ሆነው መንግሥታቸው ካለፈ በኋላም ታሪክ የሚያውቃቸው በንግሥ ስማቸው ነው።

በዚያ ዘመን ሰው በከበረ ቍጥር ስሙ በአፍ የሚጠራበት ጊዜ እያነሰ ይሄድ ነበር። ጦረኛው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፥ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መቻል» መባላቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ንጉሡን ፊት ለፊት «ጃንሆይ» ከማለት በቀር በስሙ የሚደፍር አልነበረም። ይህን ያነሣሁት ዛሬ ለአንድ ወጣት ሐኪም ስሙን ትተን «ዶክተር» ብቻ ብለን ስንጠራው፥ የምናደርገው ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር ሳይሆን አያቶቻችን በፊታውራሪውና በግራዝማቹ ፊት ያደርጉት የነበረውን መሆኑን ለማስታወስ ነው። መጠሪያው መጤ ቢሆን የመጥራቱ ጠባይ አገርኛ ነው።

ከሹመት ማዕረግ ጎን ለጎን ደግሞ የትምህርት ማዕረግ ነበረን፤ ለዛሬው ዶክተርነት የቅርብ ዘመዱም ይህ እንጂ ያኛው አይደለም። አንድ ደቀ መዝሙር ከንባብ ቤት ተነሥቶ ዜማውን፥ ቅኔውን፥ አቋቋሙን፥ መጻሕፍቱን እየተከተለ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከውሻ ጋር እየታገለ፥ በሰው አገር ለምኖ እየበላ ዐሥርና ሃያ ዓመት ይማራል፤ ድጓውን ጠንቅቄያለሁ የሚል ጋይንት ሄዶ በቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን ደግሞ በዙር አምባ ያስመሰክራል። ምስክርነቱን የሚሰጠው መምህሩ ነው፤ ተማሪው ራሱን «መምህር ነኝ» ብሎ ሊያውጅ አይቻለውም፤ ቢያውጅም ማኅሌት ላይ ሲቆም ወዲያው ይጋለጣል። የዩኒቨርሲቲውም ሥርዓት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ጉባኤ ተቀምጦ፥ ዕጩው ጥናቱን አቅርቦ፥ በሊቃውንት ተጠይቆ፥ ተከራክሮ፥ ካሳመነ በኋላ ማዕረጉ ይሰጠዋል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው አኗኗር ይታያል። የኔታ በመንደሩ መካከል «የኔታ» የሚባሉት ማኅተም ያለው ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሳይሆን፥ ልጆቻችንን ሲያስተምሩ በየቀኑ ስለምናያቸው ነው።

የሹመትና የትምህርት ማዕረግ አንድ ትልቅ ነገር ይለያቸዋል። ሹመት ይሻራል፤ ለዚህ ነው ለተሿሚው «ሹመት ያዳብር» ብለን የምንመርቀው። በሐቅ የተገኘ ትምህርት ግን አይሻርም። ከኃላፊነቱ የተነሣ ሚኒስትር ወይም አስተዳዳሪ እንደ ማንኛውም ሰው «አቶ» ቢባል የተነፈገው ነገር የለም፤ ጡረታ የወጣ ሐኪም ግን ሰው ማከሙን ቢተውም «ዶክተር» መባሉ አይቀርም፤ እንዲያውም ማዕረጉን ማንሣት ያወቀውን እንዳላወቀ መቍጠር ይሆናል።

አሁን ወደ አጠራሩ ልግባ። የመጀመሪያው ሕግ፥ ሁላችሁም ሳታስቡት የምትፈጽሙት፥ ነገር ግን ከአገር የወጣ ሰው ፈጥኖ የሚያጣው ነው፤ ይኸውም በእኛ ዘንድ ማዕረግ ከሰውየው ከራሱ ስም ጋር እንጂ ከአባቱ ስም ጋር አይሄድም። ለዚህ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ያህል ግልጥ ምሳሌ አላገኘሁም። እኒህ ሰው ጎንደር ተወልደው፥ ከመቅደላ ጦርነት ማግሥት ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው፥ በዚያ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ተሰጥቷቸው፥ ሕክምና ተምረው ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። እንግሊዞች በሰነዳቸውም በንግግራቸውም «ዶክተር ማርቲን» ይሏቸው ነበር። አገራቸው ግን ሳይማከርና አዋጅ ሳያስነግር፥ ባዕዱን ማዕረግ በራሱ ቃል፥ ባዕዱንም ስም በእናት አባታቸው ስም ለውጦ «ሐኪም ወርቅነህ» አላቸው፤ በኋላም የቤተ መንግሥት ሹመት ሲጨመርላቸው «አዛዥ ወርቅነህ» ተባሉ። ለእኔ ይህ አጠራር ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል፤ ሕዝቡ ሙያቸውን አከበረ፥ ሰውየውንም ከባዕድ ስም አወጣ።

ከዚህ በተቃራኒ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ሊቃውንቶቻችን ማዕረጋቸው በአባታቸው ላይ እየተደረበ ይጠራሉ። በሚኔሶታ ሆነው ለብዙ ዘመን የግእዝ ብራናዎቻችንን ሲመረምሩና ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በፈረንጅ ሥርዓት ቢጠሩ «ፕሮፌሰር ኃይሌ» መሆናቸው ነው፤ በዚህም የተማሩት ጌታቸው ሲሆኑ የተጠሩት አባታቸው አቶ ኃይሌ ይሆናሉ። የኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንት ይህን ተረድተው በመጻሕፍት ዝርዝር የኢትዮጵያውያንን ስም በራሳቸው ስም ፊደል ተራ ያስገባሉ፤ ደግ አድርገዋል። እኛ ግን አንዳንዴ ዘመናዊ ለመምሰል ከውጭ የመጣን ወንድማችንን በአባቱ ስም ስንጠራ እንሰማለን፤ ይህ የሚገባው ወንድማችን እንደ ፈረንጁ ልማድ የአባቱን ስም መጠሪያው አድርጎ ራሱ የመረጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፥ «አቶ» እና «ዶክተር» በአንድ ራስ ላይ አይደረቡም፤ «አቶ ዶክተር እገሌ» የሚል ሰው ከአክብሮቱ ብዛት ይሁን ከድንጋጤ አይታወቅም፤ ይቅርታ ግን ይገባዋል። ፕሮፌሰርነት ከዶክተርነት በላይ ስለሚቈጠር «ፕሮፌሰር» ከተባለ «ዶክተር» ይቀራል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ረዳት ፕሮፌሰርና ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚባሉ ደረጃዎችም አሉ፤ የእነዚህ ባለቤቶች በጽሑፍ ደረጃቸው በሙሉ ይጻፍላቸዋል፥ በቃል ግን የዶክተርነት ዲግሪ ካላቸው «ዶክተር» መባላቸው ይበቃል፤ «ፕሮፌሰር» የሚለው ለሙሉው ፕሮፌሰር ቢጠበቅ መልካም ነው። ካህን የሆነ ዶክተር ሲያጋጥመን ክህነቱ ይቀድማል፤ «ቀሲስ ዶክተር እገሌ» እንላለን እንጂ «ዶክተር ቀሲስ» አንልም፤ ለጳጳስም «ብፁዕ አቡነ» ካልን በኋላ ዶክተርነቱን በጽሑፍ ከስሙ ቀጥሎ ማኖር የተለመደ ነው። ሐጂና ሼህ ለሆኑ ሙስሊም ወገኖቻችንም ነገሩ ያው ነው።

በዚህ በእኛ አገር ግን ከሁሉ የሚያስቸግረው «ዶክተር» የተባለው ሰው የምን ዶክተር እንደ ሆነ አለመታወቁ ነው። የሰው ሐኪሙ ዶክተር ነው፤ የከብት ሐኪሙም ዶክተር ነው፤ የአፈርና የዘር ተመራማሪውም፥ የታሪክና የቋንቋ ሊቁም እንዲሁ። ከሰቆጣው የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ወደ ማሳ የሚወርዱ ሊቃውንት ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አርሶ አደሩ «ዶክተር መጣ» ሲባል ማሽላውን ከማሳየት አስቀድሞ ጆሮው የሚመግልበትን ልጁን አቅፎ ያመጣል፤ ሊቁ «እኔ የዚህ አይደለሁም» ሲል ደግሞ፥ «ታዲያ የምኑ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው የስድብ ሳይሆን የቅን ነው፤ መልሱም በቅን መሆን አለበት። የማሽላና የጤፍ ዶክተር መሆኑን በግልጥ ተናግሮ፥ ለልጁ ወደ ጤና ጣቢያ መንገድ ያሳየ ሊቅ ለማዕረጉም ለሰውየውም ደግ ሠርቷል። የአበርገሌን ፍየል የሚያክመው ዶክተርም «የሰው ወይስ የከብት?» ሲባል ፊቱን ባያጠቍር እመክራለሁ፤ ፍየል ሀብቱ ለሆነ ሕዝብ ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው አያንስም።

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር፤ መርፌ የያዘ ሁሉ «ሐኪም» ይባል ነበርና። ድሬሰሩ ሐኪም ነበር፤ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን አሠልጥኖ ወደ ወረዳው ባሰማራ ጊዜም፥ ሕዝቡ ዲግሪያቸውን ሳይጠይቅ መጀመሪያ «ሐኪም» ቆይቶም «ዶክተር» አላቸው። በዚያ ዘመን በመላው አውራጃ ሌላ ሐኪም ባልነበረበት ስፍራ፥ የምታምጠውንም ሴት ወባ የሚያንቀጠቅጠውንም ብቻውን የሚቀበል ሰው ይህን ስም ማግኘቱን ማን ይነቅፋል? እኔ አልነቅፍም። ለሴቶች ነርሶች «ሲስተር» የሚለው መጠሪያ ወጥቶላቸው ሳለ፥ ለወንዱ ነርስ ግን እስከ ዛሬ የሚበቃ ስም ስላልተገኘለት ሕዝቡ «ዶክተር» እያለ ያልፈዋል። የቅርብ ጊዜዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ ማዕረግ የላትም፤ ቤት ለቤት የምትዞር የመንደሩ ልጅ ናትና በስሟ ትጠራለች፤ ምናልባት ከሁሉ ይልቅ የምትደመጠውም ስለዚሁ ነው። ያለ ማዕረግ መጠራት ውርደት አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር እንኳ የቀዶ ጥገና ሊቅ ሙያውን ሲያጠናቅቅ «ዶክተር» መባልን ትቶ እንደ ተራ ሰው «ሚስተር» ይባላል፤ ቀዶ ጥገና የጠጕር ላጮች ሥራ ከነበረበት ዘመን የወረሰው ነው፤ ዛሬም ይኮራበታል።

አሁን የንግግሬ ዋና ወደ ሆነው ደርሻለሁ። አንዲት አረጋዊት ከደሃና ገጠር የልጅ ልጃቸውን አዝለው፥ ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥተው፥ ሰቆጣ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መጡ እንበል። ካርድ ክፍል ተሰልፈው፥ ከተመላላሽ ክፍል ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፥ ስማቸው ሲጠራ ነጠላቸውን አደግድገው ይገባሉ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ሐኪም ከታናሽ ልጃቸው እምብዛም አትበልጥም። «እንደምን አደርሽ ልጄ» ይሏታል። አጠገባቸው የቆመው ደጋፊ ወጣት ይደነግጥና «እማማ፥ ዶክተር ናቸው እኮ! እርስዎ ይበሏቸው» ብሎ በጆሮአቸው ያንሾካሽካል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አረጋዊቷ ዝም ይላሉ። የሚመልሱት «አዎ» እና «ደኅና ነው» ብቻ ነው፤ ሕፃኑ ጡት ከጣለ ወዲህ ከቂጣ በቀር ሌላ እንዳልቀመሰ፥ ማታ ማታ እንደሚያስመልሰው፥ ከእርሱ በፊት የነበረው ታላቁ እንዲሁ ሆኖ እንደ ሞተ፥ ይህን ሁሉ በአንደበታቸው ላይ ይዘው ይወጣሉ። በ2007 ዓ.ም. የወጣውና በዚህች ከተማ ስም የሚጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ የታለመበት ነው፤ ዓላማው የሚፈጸመው በባለ ሙያ ቍጥር ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለችው እናት አፍ ስትፈታ ነው። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ «ልጄ» የሚለው ቃል ማዕረግን የሚያፈርስ ሳይሆን የምርመራው መጀመሪያ ነበር። አስተዋይ የሆነችው ሐኪም «ልጄ ያሉኝ ይበቃኛል እናቴ፤ ይልቅ ይቀመጡና ይንገሩኝ» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው እንደ ምንጭ ይፈልቃል።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ አገር ከእናቱ ጋር በኽምጥኛ ያደገ፥ አማርኛን ከጊዜ በኋላ በገበያና በመሥሪያ ቤት የለመደ ብዙ ሰው አለ፤ «አንተ»፥ «አንቱ»፥ «እርስዎ» የሚለውን ልዩነት ሁልጊዜ በቦታው ላያውለው ይችላል። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ዶክተሩን «አንተ» ቢለው፥ የተሰማው ነገር ድፍረት ነው ብሎ የሚያዝን ዶክተር በሁለት ቋንቋ መናገር ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ አላሰበም።

በተቃራኒው ግን የማያወላውል ሕግ አለ፤ ይህንንም ለባለ ማዕረጎቹ ለእናንተ ነው የምናገረው። «ዶክተር» እየተባለ ሰባ ዓመት የሆነውን ገበሬ «አንተ ሰውዬ፥ ና ግባ» የሚል ሰው፥ የተቀበለውን ክብር ሳይመልስ የቀረ ባለ ዕዳ ነው። አያቶቻችን ደጃዝማቹ ከፈረሱ ወርዶ ለመነኵሴ መስቀል ሲሰግድ፥ ዳኛውም ከችሎት ተነሥቶ ለንስሐ አባቱ ወንበሩን ሲለቅ አይተው ነበርና፥ አክብሮት ከታች ወደ ላይ ብቻ እንደማይፈስ ያውቁ ነበር። በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው «አንቱ» ማለት የዶክተሩን ዲግሪ አንድ መስመር አይቀንስም፤ ስሙን «አባ እገሌ»፥ «እማማ እገሊት» ብሎ መጥራት ደግሞ በካርዱ ቍጥር ከመጥራት እጅግ ይሻላል። እንዲያውም በእኔ ዐይን ባለ ማዕረግ የሆነ ሰው ማዕረጉ የሚገባው መሆኑ የሚመዘነው ማዕረግ ለሌላቸው በሚናገረው አንቱታ ነው፤ «አንቱ የተባለ ሊቅ» የሚለውን አገርኛ ውዳሴ ለማግኘት አስቀድሞ ሰውን «አንቱ» ማለት ይጠይቃል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው፥ ማዕረግን ሌላው ሰው ይጠራዋል እንጂ ባለቤቱ አይጠራውም የሚለው ነው። በቴሌፎን «ዶክተር እገሌ ነኝ» ከማለት «እገሌ እባላለሁ፥ ከሆስፒታሉ ነው የምደውለው» ማለት ይሻላል፤ ሰሚው ሐኪም መሆኑን ማወቅ የሚያስፈልገው ሲሆን ብቻ «ሐኪም ነኝ» ማለት ነውር የለውም፤ እሱ ማስታወቅ ነው እንጂ መመካት አይደለም። በስብሰባ አዳራሽ የሚሆነውን ግን ሳላዝንበት ማለፍ አልችልም፤ መድረክ መሪው የእያንዳንዱን እንግዳ ማዕረግ እየደረደረ፥ «ክቡር ዶክተር ኢንጂነር» እያለ፥ ከወንበሩ እያስነሣ፥ እያስጨበጨበ ሲያልፍ፥ ሕዝቡ የተጠራበት ጉዳይ ሳይጀመር የምሳ ሰዓት ይደርሳል። በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ማዕረጉን ከሙሉ ስሙ ጋር መጥራት፥ ከዚያ በኋላ «ዶክተር ከበደ» ማለት፥ ይህ ይበቃል።

ስለ ክብር ዶክትሬትም አንድ ቃል ልጨምር። ዩኒቨርሲቲ ለትልቅ ደራሲ ወይም ለአገር ባለ ውለታ የሚሰጠው ዲግሪ የአክብሮት ስጦታ ነው፤ ሐዲስ አለማየሁና ከበደ ሚካኤል «ክቡር ዶክተር» የተባሉት በዚህ መንገድ ነው፤ «ክቡር» የሚለው ቃል በፊቱ መቆሙ ሰሚው ነገሩን እንዲለይ ይረዳዋል። እነዚህ ሰዎች ዲግሪው ባይሰጣቸውም ስማቸው የሚጎድለው ነገር አልነበረም። ችግሩ ይህን ስጦታ ገንዘብ ከፍሎ ከማይታወቅ ተቋም የሚያመጣው ነው፤ ማዕረጉን የሚወደው ከሥራው ይልቅ ለጥሪው ነውና። ማዕረጉ የሚበዛበት አገር ጥበቃውም ይበረታል፤ በጀርመን አገር ካርል ቴዎዶር ዙ ጉተንበርግ የሚባሉ የመከላከያ ሚኒስትር የዶክትሬት ጽሑፋቸው ከሌሎች የተቀዳ መሆኑ በተገለጠ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዲግሪያቸውን ዩኒቨርሲቲው ወሰደባቸው፥ ሹመታቸውንም ለቀቁ።

የዚህ የማዕረግ ጥማት መነሻ ምንድን ነው ብትሉኝ፥ የእኔ ግምት ይህ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የዘውዱን ሥርዓት ከነመሳፍንቱና መኳንንቱ ማዕረግ በሻረ ጊዜ፥ ለሰው ሁሉ «ጓድ» የሚል አንድ መጠሪያ እንዲበቃው ታስቦ ነበር። ነገር ግን ፊታውራሪውን ማስቀረት ፊታውራሪ ለመባል ያለውን ምኞት አያስቀርም፤ ምኞቱ ቦታ ለውጦ ወደ ዲግሪው ዞረ። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የኦስትሪያ ሪፐብሊክም በ1919 በአውሮፓ አቈጣጠር የመኳንንትን ማዕረግ በሕግ ከሻረች በኋላ፥ ቪየና ከተማ ዶክተርና ፕሮፌሰር በመባል የምትኰራ ሆና ቀርታ፥ የዶክተሩ ሚስት እንኳ ሳትማር «እመቤት ዶክተር» ስትባል ኖራለች። በእኛም «ወይዘሮ» ቀድሞ የነገሥታትና የመኳንንት ሴቶች ልጆች ብቻ የሚጠሩበት ሆኖ ሳለ ዛሬ ባለ ትዳር ሴት ሁሉ ትባልበታለች፤ በዚህ ማንም አልተጎዳም። በዶክተርነት ግን እንዲህ እንዲሆን አልመኝም፤ ሆዱን ለቢላ አሳልፎ የሚሰጥ ሕመምተኛ ስሙን አምኖ ነውና የሚተኛው።

ሴቶችን ካነሣሁ፥ በየስብሰባው የማየውን አንድ ጕድለት ልናገር። ወንዱ «ዶክተር» ተብሎ ሲጠራ አብራው የተማረችው፥ አንዳንዴም ያስተማረችው፥ «ወይዘሮ» ወይም «ወይዘሪት» ተብላ ትታለፋለች፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ባለማወቅ አደረገው እንጂ ሆን ብሎ አይደለም ይባላል፤ ስሕተቱ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን መሆኑ ያስገርማል። በሆስፒታልም እንዲሁ፥ ነጭ ካፖርት የለበሰችውን ሴት ሐኪም ሁሉ «ሲስተር» ማለት፥ አጠገቧ የቆመውን ወንድ ነርስ ደግሞ «ዶክተር» ማለት የተለመደ ነው። አረጋውያንን በዚህ አንወቅሳቸውም፤ የተማርነው ግን ልናርመው ይገባናል። ለሴት ዶክተር «ዶክተር» ማለት ብቻ ይበቃታል፤ «ዶክተር ወይዘሮ» ማለት አያስፈልግም፤ ባል ያላት መሆኑን ሊያውቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ ጊዜ ይጠይቃታል።

በቤተ ዘመድ መካከል ማዕረግ ደጅ ላይ ይቀራል። ዶክተር የሆነ ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ አምደ ወርቅ ወይም ወደ ሌላ የደሃና ቀበሌ ሲመለስ፥ እናቱ በእንቅልፍ ልቧ በምትጠራው ስም ይጠራል፤ የክርስትና አባቱ «አንተ» ይሉታል፤ ያስተማሩትን የኔታን ሲያገኝ ጕልበታቸውን ይስማል። ለታናናሾቹ ግን «ጋሼ» መባሉ ከ«ዶክተር» ይልቅ ይሞቃል። በለቅሶ ቤትም ሐዘንተኛ ዶክተር ሆነ ሌላ፥ ምንጣፉ ላይ እኩል ይቀመጣል።

የመጨረሻው የጽሑፍ ነገር ነው። በደብዳቤ «ዶ/ር»፥ «ፕ/ር»፥ «ኢ/ር» እያልን አሳጥረን መጻፋችን የተለመደ ነው፤ ለሠርግ ጥሪና ለምስጋና ወረቀት ግን በሙሉ ቢጻፍ ያምራል። የሚጻፍለት ሰው ዲግሪ ያለው መሆኑን ያላወቃችሁ እንደ ሆነ መገመት አያስፈልግም፤ የማመልከቻ ደብዳቤ ለሰው ሳይሆን ለመሥሪያ ቤት ይጻፋልና «ለጤና መምሪያው ኃላፊ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስሙን በግድ መጻፍ ካለባችሁ ከጸሐፊው ጠይቁ። ሁለቱም ያልተቻለ እንደ ሆነ «አቶ» ብትሉት የሚቀየም ሰው ካለ፥ ቅያሜው የራሱ ነው፤ ማመልከቻችሁ ግን በሚገባ ተመዝግቦ ቍጥር ይሰጠዋል።